የአንዲት «ወይም» ዕዳ፤ በፓራፊሊያ ሕመሞች የምርመራ መስፈርት ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ርእሰ አንቀጽ ታትሞ ነበር። ጸሐፊዎቹ ማይክል ፈርስትና አለን ፍራንሲስ ለጉዳዩ ባዕድ አልነበሩም። ፍራንሲስ «ዲ ኤስ ኤም» በሚል ምኅፃር የሚታወቀውን የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ አራተኛ እትም (1994) ያዘጋጀውን ግብረ ኃይል የመሩ፣ ፈርስት ደግሞ የዚያው እትም የጽሑፍና የመስፈርት አርታዒ የነበሩ ናቸው። በርእሰ አንቀጹ የተናገሩት ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሳቸው እትም ጥፋት ነበር፤ ይኸውም በፓራፊሊያ ምዕራፍ ውስጥ በቀላል የአርትዖት ማስተካከያ የገባች አንዲት «ወይም» ያላሰቡትን መዘዝ እንዳመጣች የሚገልጽ ነው። የሕክምና መጻሕፍት አዘጋጆች እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሲያሳትሙ የሚታየው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ የነገሩ መነሻና መድረሻ በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1987ቱ የሦስተኛው እትም ክለሳ መሠረት አንድ ሰው ፓራፊሊያ አለበት ለመባል ቢያንስ ለስድስት ወር የዘለቀ፣ ተደጋጋሚና ብርቱ የሆነ የወሲብ ግፊትና ምናብ ሊኖረው ያስፈልግ ነበር። ትኩረቱ በሰውየው ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው። አራተኛው እትም በዚህ ላይ «ድርጊት» የሚለውን ጨመረና ዝርዝሩ «ምናብ፣ ግፊት ወይም ድርጊት» የሚል ሆነ። አዘጋጆቹ የፈለጉት ግፊቱና ምናቡ ብዙ ጊዜ በድርጊት እንደሚገለጥ ለማመልከት ብቻ ነበር። ጽሑፉ ግን ከአዘጋጆቹ ሐሳብ ተነጥሎ ሲነበብ ድርጊቱ ብቻውን ለምርመራው ይበቃል የሚል ትርጉም ሰጠ። ሦስት ነገሮች በ«ወይም» ሲያያዙ አንዱ መገኘቱ በቂ መሆኑን ለማወቅ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያሻም።

ይህ ንባብ በክሊኒክ ውስጥ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ዋሽንግተን የተባለችው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በ1990፣ ካንሳስ ደግሞ በ1994 አዲስ ዓይነት ሕግ አወጡ። በወሲብ ወንጀል የተቀጣ ሰው የእስራት ዘመኑን ከጨረሰ በኋላ፣ «የአእምሮ ጉድለት» ያለበትና ወንጀሉን ሊደግም የሚችል ሆኖ ከተገኘ፣ ጊዜ ሳይወሰንለት በሕክምና ስም ተይዞ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በካንሳስና በሄንድሪክስ ክርክር ሕጉን አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አጸናው፤ ሃያ ያህል ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። እንግዲህ ሕጉ እንዲሠራ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራውን የሚሰጠው ደግሞ ባለሙያ ነው። ደጋግሞ አስገድዶ የደፈረ ሰው በመመሪያው ውስጥ የተለየ የሕመም ስም ስለሌለው፣ «በሌላ ያልተገለጸ ፓራፊሊያ» የሚለው ማጠራቀሚያ ክፍል ተከፈተና «ያለ ፈቃድ» የሚል ቅጥያ ተጨመረለት። ማስረጃው ምንድን ነው ቢባል ድርጊቱ፤ ድርጊቱ ለምን ተፈጸመ ቢባል በሕመሙ ምክንያት። ክብ ሆኖ የሚዞር አስተሳሰብ ማለት ይህ ነው። ፈርስትና ፍራንሲስ የተቃወሙትም ይህንኑ ነበር፤ አስገድዶ መድፈር ወንጀል ነው፤ ወንጀል መሆኑ ብቻውን ግን ሕመም አያደርገውም።

የሚያስገርመው ይህ ልዩነት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ መሆኑ ነው። ሪቻርድ ፎን ክራፍት-ኤቢንግ በ1886 «ሳይኮፓቲያ ሴክሷሊስ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም በግራትስ ከተማ የሥነ አእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር፤ በፍርድ ቤትም የባለሙያ ምስክርነት ይሰጥ ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ለሐኪሞችና ለዳኞች ነው። ከመጽሐፉ ሐሳቦች ሁሉ ዘመን የማይሽረው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የስሜቱ መጣመም ሌላ፣ የምግባሩ ብልግና ሌላ ነው፤ ድርጊቱ የቱንም ያህል አስከፊ ቢሆን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ብቻውን አይናገርም፤ ለመለየት የሰውየውን ሙሉ ሰብእና፣ የድርጊቱን መነሻና የሕይወት ታሪኩን መመርመር ያስፈልጋል የሚል ነው። የ1994ቱ «ወይም» ያፈረሰችው ይህንኑ ድንበር ነው።

ክራፍት-ኤቢንግን ከሚገባው በላይ ማመስገንም ተገቢ አይደለም። የሕመሞቹን ምንጭ ባብዛኛው በዘር በሚወረስ የነርቭ ዝቅጠት አሳበበ፤ ይህም ከፈረንሳዊው ሞሬል የመጣና በዘመኑ ሁሉን የሚያስረዳ፣ ስለዚህም አንዳች የማያስረዳ ሐሳብ ነበር። በተመሳሳይ ፆታ መካከል ያለውን ፍላጎት ከሕመሞቹ ጋር ደመረው፤ የአሜሪካው ማኅበር ይህን ከመመሪያው የሰረዘው በ1973 ነው። በ1890 «ማሶሂዝም» የሚለውን ስም ሲያወጣ የስሙ ባለቤት ደራሲው ሊዮፖልድ ፎን ሳኸር-ማሶህ ገና በሕይወት ነበር፤ በሽታ በስሙ መሰየሙም አላስደሰተውም።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ለኢትዮጵያዊ ሐኪም ትኩረት የሚገባው ነው። ክራፍት-ኤቢንግ ተራው አንባቢ እንዳይዳፈረው የመጽሐፉን ርእስና አፍ አውጥተው የማይናገሯቸውን ክፍሎች በላቲን ጻፈ። መጽሐፉ ግን ከእትም ወደ እትም እየወፈረ በየቤቱ ገባ። ዛሬም በአገራችን ሕመምተኛው ታሪኩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲናገር፣ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው በእንግሊዝኛ ነው። በሌላው ሕመም ይህ ልማድ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ግን የባዕድ ቃል መጋረጃ ይሆናል፤ ሐኪሙ ከጥያቄው፣ ሕመምተኛውም ከመልሱ ይሸሸግበታል። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የሚነገሩት ቃላት ደግሞ «ብልግና»፣ «ነውር»፣ «ሰይጣን አሳስቶት» የሚሉ ናቸው፤ ሁሉም ፍርድን እንጂ መግለጫን አይሰጡም። ፓራፊሊያ ሲባል እንግዲህ የተለመደው የወሲብ ፍላጎት ከሚያርፍበት፣ ማለትም ፈቃደኛ ከሆነና አካሉ ከበሰለ አዋቂ ጋር ከሚደረግ ግንኙነት ውጭ በሆነ ነገር ወይም ሁኔታ ላይ ጸንቶ የሚያርፍ ብርቱ መሻት ነው ብሎ በግልጽ አማርኛ መናገር ይቻላል። ቃሉን በ1903 ያወጣው ፍሪድሪሽ ክራውስ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በስፋት ያስተዋወቀው ጆን መኒ ነው።

አምስተኛው እትም (2013) የተሻሻለበትም ያልተሻሻለበትም ቦታ አለ። ትልቁ ማሻሻያው ፓራፊሊያን ከፓራፊሊያ ሕመም መለየቱ ነው። አንድ ሰው ያልተለመደ መሻት ሊኖረው ይችላል፤ ያ መሻት ሕመም የሚባለው ለባለቤቱ ብርቱ ጭንቀት ወይም የኑሮ መሰናክል ሲሆን፣ አለዚያም ያልፈቀደ ሰው ላይ ሲፈጸም ነው። በስም የተዘረዘሩት ሕመሞች ስምንት ናቸው፤ ሰው ሳያውቅ ራቁቱን ወይም በወሲብ ላይ ሳለ አድብቶ ማየት፣ ኀፍረተ ሥጋን ላልጠበቀ ሰው ገልጦ ማሳየት፣ በሕዝብ መካከል ያልፈቀደን ሰው መተሻሸት፣ በመሰቃየት መርካት፣ በማሰቃየት መርካት፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ሕፃናትን መሻት፣ ሕይወት በሌለው ዕቃ ወይም ከኀፍረተ ሥጋ ውጭ ባለ የአካል ክፍል ላይ የተተከለ መሻት፣ እንዲሁም የሌላውን ፆታ ልብስ በመልበስ መርካት። አስገድዶ መድፈርን ራሱን የቻለ ፓራፊሊያ ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል፤ ተገቢ ውሳኔም ነበር።

የ«ወይም»ስ ነገር? አሁንም አለች። አዲሱ መስፈርት «በምናብ፣ በግፊት ወይም በድርጊት የተገለጠ ተደጋጋሚና ብርቱ የወሲብ መነቃቃት» ይላል። ከፊቷ «መነቃቃት» የሚለው ስለተቀመጠ ድርጊቱ አሁን ማስረጃ እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ጠንቃቃ አንባቢ ልዩነቱን ያገኘዋል። በተሟጋች ጠበቆች መካከል የተቀመጠ መርማሪ ግን ድርጊቱን ካየ መነቃቃቱን መገመት ይቀለዋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ጠበበ እንጂ አልተደፈነም።

ሁለተኛው መስፈርት የተጓዘበት መንገድም የሚያስተምር ነው። በ1994ቱ እትም ለምርመራው ጭንቀት ወይም የኑሮ መሰናክል መኖሩ ግዴታ ሆነ። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር፤ ሕፃናትን ደጋግሞ የደፈረ ነገር ግን ምንም ያልተጨነቀ ሰው በቃል በቃል ንባብ ጤነኛ ሊባል ነው። ይህ ስሕተት በ2000 የጽሑፍ ክለሳ ታረመ፤ ያልፈቀደ ሰው ላይ መፈጸሙ ብቻውን እንዲበቃ ተደረገ። እርማቱ አስፈላጊ ቢሆንም ሌላ ጥያቄ አስነሣ። የሌላ ሰው መጎዳት ከመቼ ወዲህ ነው የሕመምተኛው የምርመራ ምልክት የሆነው? ቻርልስ ሞዘርና ፔጊ ክላይንፕላትስ በ2005 ይህን መሰሉን ተቃርኖ ይዘው ምዕራፉ በሙሉ ከመመሪያው እንዲወጣ ተከራክረዋል። ክርክራቸው በሎጂክ ብርቱ ነው፤ በክሊኒክ ግን ደካማ ነው። ሕፃናትን በመሻቱ ራሱን ለመግደል የሚያስብ ወጣት ወደ ሐኪም ሲመጣ «የአንተ ጉዳይ በመጽሐፋችን የለም» ሊባል አይገባም።

በዚህ ረገድ የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ከአሜሪካው መመሪያ የተሻለ ሥራ ሠርቷል። ምደባው በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተደርጓል። ከዐሥረኛው ምደባ ወርደው የቀሩት በዕቃ መርካት፣ ለዚሁ ሲባል የሌላውን ፆታ ልብስ መልበስ፣ እንዲሁም በፈቃደኞች መካከል የሚደረግ የማሰቃየትና የመሰቃየት ወሲብ ናቸው። የቀሩት በስም የተጠቀሱ ሕመሞች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ያልፈቀደ ወይም ሊፈቅድ የማይችል ሰው አለባቸው። በማሰቃየት መርካትም «በማስገደድ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለታል። ብቻውን ወይም ከፈቃደኛ ሰው ጋር የሚፈጸመው መሻት በምደባው የሚገባው ሰውየው ብርቱ ጭንቀት ሲኖረው፣ ጭንቀቱም ሰው ያወግዘኛል ከሚል ፍርሃት ብቻ የመነጨ ሳይሆን ሲቀር፣ አለዚያም ድርጊቱ ለአካል ጉዳት ወይም ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን ክሊኒክ በቀጥታ ይሠራል፤ ከንስሐ አባቱ ወይም ከቤተሰቡ ተግሣጽ የተነሣ የተጨነቀን ሰውና በመሻቱ ራሱ የተጨነቀን ሰው ለይቶ ለማየት ያስገድዳልና።

ሕፃናትን ስለ መሻት የሚሰጠው ምርመራ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። ዲ ኤስ ኤም-5 ሕፃን የሚለው ለአካለ መጠን መድረሻ ምልክት ያላሳየውን፣ በጥቅሉ ዐሥራ ሦስት ዓመትና ከዚያ በታች ያለውን ነው፤ ተመርማሪው ቢያንስ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላውና ከሕፃኑ በአምስት ዓመት የሚበልጥ መሆን አለበት። የአካል ለውጥ የጀመሩ ታዳጊዎችን መሻት እንዲጨመር የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ያወጣችው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ድፍረት በሁለት ይከፍለዋል፤ አንቀጽ 626 ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስላሉት፣ አንቀጽ 627 ደግሞ ዐሥራ ሦስት ዓመት ስላልሞላቸው ይናገራል። ቁጥሮቹ መቀራረባቸው ሊያሳስት አይገባም። ሕጉ የሚቆጥረው ዕድሜን ነው፤ ምርመራው የሚመለከተው የአካልን ብስለት ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድን የደፈረ ሰው በከባድ ወንጀል ተጠያቂ ነው፤ ፔዶፊሊያ ግን አለበት አይባልም። ልደት በወቅቱ ባልተመዘገበበት ቦታ ደግሞ ዕድሜው ራሱ በግምት ይሞላል። ስለዚህ ተጠቂውን የሚመረምር ሐኪም የጉዳቱን ምልክት ብቻ ሳይሆን የአካል እድገቱን ደረጃ መዝግቦ ቢያስቀምጥ፣ ለፍርዱም ሆነ ወደፊት ለሚደረግ የሥነ አእምሮ ምርመራ ሌላ ምንም ሰነድ የማይተካው መረጃ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ሐቅ አለ። በሕፃን ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጽመው ከተፈረደባቸው ወንዶች መካከል ፔዶፊሊያ ያለባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ምቹ አጋጣሚ፣ መጠጥ፣ የበላይነት ወይም ጭካኔ ያነሣሣቸው ናቸው። በአንጻሩ መሻቱ ያለባቸው ሆነው ሕፃንን ነክተው የማያውቁ ሰዎች አሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ ቃላት አንድ መሆናቸው ይገባል፤ በሕክምና ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ሲሆኑ ግን ስሕተት ነው።

ሐኪሙ ሊጠነቀቅ ከሚገባው ስሕተት አንዱ የግድዴታዊ አሳብ ሕመምን ከዚህ ጋር ማምታታት ነው። አዲስ የወለደች እናት ወይም የልጆች መምህር የሆነ ወጣት «ልጁን እነካው ይሆን?» የሚል አሳብ እየመጣበት ሊያብድ ደርሶ ይመጣል። ከልጆች ይሸሻል፤ ራሱን ደጋግሞ ይፈትሻል፤ ሌሊቱን ይጸልያል። እዚህ ያለው መሻት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ አሳቡ ደስ አያሰኝም፣ ያስጠላል እንጂ። ይህን ሰው ፔዶፊሊያ አለብህ ማለት ከስሕተት በላይ ነው፤ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በሌላ በኩል በመለከፍ መሰል የስሜት ከፍታ፣ በአእምሮ እድገት ውስንነት፣ በፊተኛው የአንጎል ክፍል መሟሸሽ፣ ወይም ለፓርኪንሰን ሕመም በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት የሚመጣ የወሲብ ልቅነት ከፓራፊሊያ ተለይቶ መታየት አለበት።

ለዚህ ከሁሉ የሚታወሰው በ2003 በርንስና ስወርድሎ የዘገቡት አንድ የቨርጂኒያ ሕመምተኛ ነው። የአርባ ዓመት መምህር ሲሆን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጠባይ አልታየበትም ነበር። በድንገት የሕፃናት ወሲባዊ ምስል መሰብሰብ ጀመረ፤ ቀጥሎም የእንጀራ ልጁን ነካካ። ተከሰሰና ወደ ሕክምና ፕሮግራም ተላከ፤ በዚያም ራሱን መግዛት አልቻለም። የእስራት ቅጣቱ ሊወሰን አንድ ቀን ሲቀረው በብርቱ ራስ ምታት ሆስፒታል ገባ። በምስል ሲታይ በቀኝ በኩል ከዓይን ጉድጓድ በላይ ባለው የፊተኛው አንጎል ክፍል ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ዕጢው ሲወጣ ጠባዩ ተመለሰ፤ ፕሮግራሙንም ጨረሰ። ከወራት በኋላ ራስ ምታቱም ምስል መሰብሰቡም አብረው ሲመለሱ፣ ዕጢው እንደገና አድጎ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሚሸከመው በላይ ተጭኖበታል። ፔዶፊሊያ የአንጎል ዕጢ ነው አያሰኝም፤ ይህ ሰው በጎልማሳነቱ የጀመረው ሲሆን፣ እውነተኛው ፔዶፊሊያ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ወራት የሚገለጥ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ በድንገት የመጣ መሻት የአንጎል ምርመራን ይጠይቃል። ደግሞም ሰውየው ድርጊቱ ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ያጣው መቆጣጠርን ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ኃላፊነትን የሚመዝነው የድርጊቱን ምንነትና ውጤት በመረዳት ችሎታ ብቻ ሳይሆን በዚያ መረዳት መሠረት ራስን በመምራት ችሎታም ጭምር ነው። ስለሆነም ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው የሕመሙን ስም ሳይሆን የዚህን ሁለተኛ ችሎታ መልስ ነው፤ ፓራፊሊያ ያለበት ሰው በአብዛኛው ሁለቱንም ችሎታ አላጣም።

ስለ መንስኤው የተጻፈው ብዙ ነው፤ የጸናው ጥቂት ነው። አልፍሬድ ቢኔ በ1887 ዕቃን መሻት በልጅነት ከደረሰ የድንገት አጋጣሚ ጋር በመያያዝ እንደሚፈጠር ጻፈ። ስታንሊ ራክማን በ1966 ይህን በሙከራ ሊያሳይ ሞከረ፤ ለሦስት ወንዶች የሴት ቡትስ ጫማ ሥዕልን ከራቁት ሴቶች ሥዕል ጋር አጣምሮ ደጋግሞ በማሳየት፣ ውሎ አድሮ ጫማው ብቻውን የአካል መነቃቃት እንዲያመጣ አደረገ። ሙከራው በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ምላሹ በቀላሉ መጥፋቱ ነው፤ እውነተኛው መሻት ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል ነው። ሦስት ሰዎችና በቀላሉ የጠፋ ምላሽ የአንድን ሕመም መንስኤ ለመሸከም ደካማ ትከሻ ነው።

የአንጎል ምስል ጥናቶችም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ጀምስ ካንተርና ባልደረቦቻቸው በ2008 በቶሮንቶ ባሳተሙት ጥናት ፔዶፊሊያ ያለባቸው ወንዶች ከሌሎች ወንጀለኞች ይልቅ ነጭ የአንጎል ክፍላቸው አንሶ ተገኘ። ከዚያ በፊትም ቁመታቸው አጠር፣ ግራ እጃቸውን የሚጠቀሙትም በዛ ማለታቸው ተዘግቦ ስለነበር፣ መነሻው ከመወለድ በፊት ነው የሚል ግምት ተጠናከረ። ነገር ግን የተጠኑት ወንዶች ተይዘው የመጡ ነበሩ። በጀርመን የተካሄደው የብዙ ማዕከላት ጥናት ሕፃን የነኩትንና ያልነኩትን ለይቶ ሲያነጻጽር፣ በ2017 የታተመው የሺፈርና የባልደረቦቹ ውጤት እንደሚያሳየው የግራጫው ክፍል ልዩነት የታየው በነኩትና ባልነኩት መካከል እንጂ መሻቱ ባለባቸውና በሌለባቸው መካከል አልነበረም። ማለትም ለብዙ ዓመታት የመሻት ምልክት የተባለው ቢያንስ በከፊል ራስን ያለመግዛት ምልክት ሳይሆን አይቀርም። የ1994ቱ «ወይም» በወረቀት ላይ ያደባለቀችውን፣ የምስል ጥናቱም በናሙና ምርጫው አደባልቆታል።

በልጅነት የተደፈረ ሰው አድጎ ይደፍራል የሚለው አባባል ብዙ ጉዳት አድርሷል። በሕፃናት ላይ ጥቃት ከፈጸሙት መካከል በልጅነታቸው መደፈራቸውን የሚናገሩት ከሌሎች ወንጀለኞች ይበዛሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከተደፈሩት መካከል ግን እጅግ የሚበዙት ማንንም አይነኩም። አባባሉን ወደ ኋላ አንብቦ ተጠቂውን ልጅ የነገ ጥፋተኛ አድርጎ ማየት ሁለተኛ በደል ነው።

ሕክምናውን በሚመለከት በሃምሳ ዓመት ውስጥ የተሠራው ስሕተት ሐቀኛ ሆኖ መነገር አለበት። ሃንሰንና ቡሲየር በ1998 ስልሳ አንድ ጥናቶችን አጠቃለው ባሳተሙት ትንተና፣ ከአራት እስከ አምስት ዓመት በሚሆን ክትትል የወሲብ ወንጀልን የደገሙት 13.4 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ከብዙዎች ግምት ያነሰ ነው። መድገምን ከሁሉ በላይ የተነበየው ለሕፃናት ያለ መሻት በመሣሪያ ሲለካ የተገኘው ውጤት ነበር። ወንጀሉን መካድና ለተጠቂው አለማዘን ግን አልተነበዩም። ይሁን እንጂ የእስር ቤት ፕሮግራሞች ለብዙ ዓመታት ጊዜያቸውን ያጠፉት በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው፤ ምናልባት ክህደትና አለማዘን የሐኪሙን ስሜት ይበልጥ ስለሚያቆስሉ ይሆናል። የካሊፎርኒያው በዕጣ የተመደበ ሙከራ በ2005 ሲጠናቀቅ በታከሙትና ባልታከሙት መካከል ልዩነት አላገኘም። በእንግሊዝና በዌልስ የ2,562 ታካሚ እስረኞች ክትትል በ2017 ሲወጣ ውጤቱ የባሰ ነበር፤ ከታከሙት 10.0 በመቶ፣ ካልታከሙት አምሳያዎቻቸው 8.0 በመቶ የወሲብ ወንጀል ደገሙ። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ተዘጋ። መንግሥት ራሱ የገነባውን ፕሮግራም በራሱ ጥናት መዝጋቱ የሚያስመሰግነው ነው።

መድኃኒቶቹ ላይ ያለው ማስረጃም ከሚወራው ያነሰ ነው። ለድባቴ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሲቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች በቀላልና በመካከለኛ ሁኔታ፣ በተለይም ድባቴና ግድዴታዊ አሳብ አብሮ ሲኖር፣ የሚጀመርባቸው ናቸው። የወንድ ሆርሞንን የሚቀንሱት፣ ማለትም ሳይፕሮቴሮን፣ ሜድሮክሲፕሮጀስቴሮንና እንደ ትሪፕቶሬሊን ያሉት፣ ለሌላ ሰው የሚያሰጋ ብርቱ መሻት ላለባቸው የተተዉ ናቸው። በእስራኤል ሮስለርና ዊትስቱም በ1998 ሠላሳ ወንዶችን በየወሩ 3.75 ሚሊግራም ትሪፕቶሬሊን እየወጉ ከምክር ጋር ሲያክሙ፣ በሳምንት በአማካይ 48 የነበረው የተዛባ ምናብና ፍላጎት ወደ ዜሮ ወረደ። ውጤቱ ያስደንቃል። ሆኖም ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፤ ቁጥሩንም የተናገረው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ከሐኪሙ መልካም ቃል የሚጠብቅ ሰው ዜሮ ለማለት ብዙ ምክንያት አለው። የኮክሬን ግምገማ በ2015 ሁሉንም አጣርቶ ያገኘው ሰባት ሙከራዎችን፣ በድምሩም 138 ሰዎችን ብቻ ነበር። የሚታወቁት ጉዳቶች ግን የተረጋገጡ ናቸው፤ የአጥንት መሳሳት፣ የክብደት መጨመርና ድባቴ፤ ስለዚህ የአጥንት ጥንካሬን መለካትና በየጊዜው መከታተል የማይችል ተቋም መርፌውን መጀመር የለበትም።

በ2020 ከስዊድን የመጣው ሙከራ በዚህ መስክ ለረጅም ጊዜ የጠፋውን ጥራት ይዞ መጣ። ራሳቸው በስልክ መስመር ደውለው እርዳታ የጠየቁ፣ ፔዶፊሊያ ያለባቸው 52 ወንዶች በዕጣ ተለይተው ዴጋሬሊክስ ወይም የማስመሰያ መርፌ ተሰጣቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአደጋ ነጥባቸው በመድኃኒቱ ቡድን ቀነሰ። ሁለት ሰዎች ግን ራስን የማጥፋት አሳብ በርትቶባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። የተለካው የአደጋ ነጥብ እንጂ የተጠበቀ ሕፃን አይደለም፤ ደራሲዎቹን መውቀስ ባይገባም አንባቢው ሊያስታውሰው ይገባል። የሙከራው ትልቅ ዋጋ ግን ሌላ ነው፤ ሰዎቹ በዳኛ አልተላኩም፣ መጡ እንጂ። «መርፌ ወይም እስር» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ መሆኑ ያጠራጥራል፤ በተፈጥሮ መሣሪያው ሳይሆን በፍርሃቱ የታከመ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ ሲያልፍ መድኃኒቱን ይተዋል።

በርሊን የሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል በ2005 በክላውስ በየር መሪነት ሕፃናትን የሚሹ ነገር ግን በሕግ ያልተያዙ ሰዎችን በምሥጢር መርዳት ሲጀምር የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር። የጀርመን ሕግ የሐኪምን ምሥጢር ጥብቅ አድርጎ ስለሚጠብቅ ሰዎቹ ደፍረው መጡ። የውጤቱ ጥናት በ2015 ሲታተም ግን የናሙናው ማነስና የማነጻጸሪያው ድክመት ተተችቷል፤ ትችቱም ትክክል ነው። ከሐኪሙ ጋር የመጀመሪያውን ቃል የሚለዋወጠው ሰው፣ በእስር ቤት ናሙናዎች ላይ በተገነባው ጽሑፍ ውስጥ ገና በደንብ አልተጠናም፤ መስፈርቱ ግን ከእስር ቤቱ ናሙና ተቀድቶ ለእርሱም ይሠራበታል።